መቶ ሃያው የሌሉ ሰዎች

አዲስ አበባ፣ ጎሮ ሰፈር ውስጥ 120 ሰዎች አሉ። ቤት የላቸውም፤ ስም የላቸውም፤ እናት አልወለደቻቸውም። ዕድሜያቸው ግን ይታወቃል፤ ከ18 እስከ 30፣ ከ31 እስከ 45፣ ከዚያ በላይ ተብሎ በሰንጠረዥ ተቀምጧል። ከእነርሱ መካከል 73.3 በመቶ የሚሆኑት በሰፈራቸው የውሃ አቅርቦት “አልረካንም” ብለዋል። እነዚህን ሰዎች የፈጠራቸው አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ነፍስ የዘራሁባቸው ግን እኔ ነኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ 18/20 ብዬ።

ልጁን ካርድ ከተሰጠ በኋላ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ከጎሮ አደባባይ አለፍ ብሎ ዝናብ ሲያስጠልለን አገኘሁት። ታክሲ ጠፍቶ ሰዉ በየሱቁ በረንዳ ተጣቧል። ለጨዋታ ያህል “ያ የውሃ ጥናትህ ጥሩ ነበር፤ ለመሆኑ መጀመሪያ የማንን በር አንኳኳህ?” አልኩት። ጫማውን አየ። ዝናቡን አየ። ቆይቶ “መምህር፣ ሁላችንም እኮ እንደዚያ ነው የምንሠራው” አለኝ። በዚያ ጥናት ዙሪያ ከሰማሁትና ካነበብኩት ሁሉ እውነት የነበረው ይህ ብቻ ነው። ታክሲው መጣ፤ እሱ ተጋፍቶ ገባ፤ እኔ ቀረሁ።

ኑዛዜዬን አስቀድሜያለሁ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም፤ ጥፋቱን ከትከሻዬ አውርጄ በግቢው ላይ ልከምረው አልፈልግምና። አሁን ግን ተግሣጼን ስሙ።

አንተ መምህር፣ ቀዩን እስክሪብቶ የያዝነው እኛ ነንና መጀመሪያ ወደ አንተ እመጣለሁ። ሴሚስተሩ ሲጀመር ሰሌዳ ላይ ትጽፋለህ፤ “ስለ አካባቢ ብክለት ምርምር ሠርታችሁ 20 ገጽ አስገቡ፤ ከ20 ይያዛል።” ከዚያ የጠመኔህን አቧራ አራግፈህ ትወጣለህ። ሰፊ ነገር እንዴት ተጠብቦ አንድ ጥያቄ እንደሚወጣው አላሳየህም። ሰው ቤት ሲኬድ ምን ተብሎ ሰላምታ እንደሚሰጥ፣ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ፣ የተባለው እንዴት በማስታወሻ እንደሚያዝ አላሳየህም። ከመጽሐፍ የተወሰደ ቃል ከራስ ቃል እንዴት እንደሚለይ አላሳየህም። ደግሞስ “ስለ አካባቢ ብክለት”? ይህ እንኳን ለ17 ዓመት ልጅ ለአንድ ሙሉ መሥሪያ ቤትም የማያልቅ ነው። ያላስተማርከውን ፈተንክ፤ የፈተንከውንም አላነበብክም። ወረቀቱ ተከምሮ ሲመጣ ሽፋኑን አይተህ፣ ውፍረቱን በጣትህ መዝነህ፣ ስፓይራል የገባለትን 18፣ በስቴፕለር የተያዘውን 14 እያልክ ማርክ ሊስት ላይ ታወርደዋለህ። አላደርግም አትበለኝ። መምህራን ክፍል ውስጥ አጠገብህ ተቀምጬ እኔም ሳደርግ አይቼሃለሁ።

ከፍተህ ብታነብ ኖሮ ወረቀቱ ራሱ ይናገር ነበር። ሽፋኑ ላይ ጎሮ ያለው ጥናት ዘጠነኛው ገጽ ላይ ሐዋሳ ይገባል። መሐል ላይ የፊደሉ መጠን ድንገት ያብጣል። ሰማያዊ ሆነው የተሰመረባቸው ቃላት፣ ከድረ ገጹ ጋር አብረው የተገለበጡ፣ እንደ ተሰረቀ በሬ ማሕተም በግልጽ ይታያሉ። በምስጋናው ገጽ የ16 ዓመት ልጅ “ትዕግሥት ላልተለያት ባለቤቴና ለልጆቼ” ብሎ ሲያመሰግን አንብቤ ብቻዬን ስቄያለሁ። ስቄም 15 ሰጥቻለሁ።

የወረቀቱን መውጫ ልታውቅ ከፈለግህ ሩቅ አትሂድ። ባለፈው ኅዳር ደብዳቤ ላስጽፍ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገብቼ ነበር። ሁለት ልጃገረዶች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ቆመዋል።

“ባዮሎጂ ነው። ስለ ወባ” አለች አንደኛዋ።

ጸሐፊዋ ቀና ሳትል “የስንት ገጽ?”

“የ15።”

“መጠይቅ ይኑረው?”

“አዎ፣ መጠይቅ ብሏል መምህሩ።”

“ግራፍስ?”

ግራፉ ላይ ዋጋ ተከራከሩ። “ቀለም ተወዷል” አለች ጸሐፊዋ። በየትምህርቱ ስም ከተደረደሩት ፎልደሮች አንዱን ከፈተች፤ የዱሮውን ስም አጥፍታ የአዲሷን ጻፈች፤ ዓመተ ምሕረቱን አደሰች፤ ማተሚያው ማጉረምረም ጀመረ። የኔ የአንድ ገጽ ደብዳቤ የፈጀውን ያህል ጊዜ እንኳን አልፈጀም። ልብ በሉ፣ ጎሮ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሰፈር ነው፤ አገራችን ውስጥ ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ግን የጎሮ ነዋሪዎች ተጠይቀው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በቤታቸው በወባ ትንኝ ሲሰቃዩ በባር ግራፍ ታዩ። ከልጆቹ አንዷ “እዚህ ሰፈር ወባ አለ እንዴ?” ብላ ብትጠይቅ ኖሮ ምርምሩ በዚያች ቅጽበት ተጀምሮ ነበር። ማንም አልጠየቀም። እኔም ደብዳቤዬን ይዤ ወጣሁ፤ ይህም ከበደሌ ይቆጠርብኝ።

አንቺ ጸሐፊዋ እኅቴ፣ እንጀራሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ የቤት ኪራዩንም አውቃለሁ። ግን ደብዳቤ መጻፍ ሌላ፣ ልጅ ያላደረገውን አደረገ ብሎ መጻፍ ሌላ ነው። በየመብራት እንጨቱ ላይ “ጥናታዊ ጽሑፍ እናማክራለን” ብላችሁ የለጠፋችሁትን ወረቀት ንቀሉት፤ ምክር እንዳልሆነ እናንተም እኛም እናውቃለን።

አንተ ወላጅ ደግሞ፣ “የልጄ ማርክ ለምን ቀነሰ?” ብለህ ከሥራ አስፈቅደህ፣ ነጠላ ጫማህን ሳትቀይር ትምህርት ቤት የመጣህበት ቀን አለ። “ልጄ ዘንድሮ ምን ጠየቀ? ምን አገኘ?” ብለህ የመጣህበት ቀን የለም። የስፓይራሉን ብር የሰጠኸው አንተ ነህ። ምን እንደገዛህ አላየህም።

አሁን ደግሞ ጸሐፊዋም ልትቀር ነው። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ቻትጂፒቲን ይጠይቃል፤ 15 ገጽ ከነማውጫው ይወርድለታል፤ ሐዋሳ የሚል ስሕተት የለበትም፤ የባለቤት ምስጋና የለበትም። ይህ መሣሪያ አንዳንዴ ማንም ያልጻፈውን መጽሐፍ ከነደራሲውና ከነዓመቱ ፈጥሮ በምንጭነት ይጠቅሳል፤ ልክ እንደ እኛ 120 ሰዎች። ይኸው መምህራን ተሰብስበን “ቴክኖሎጂው ትውልዱን ገደለው” እንላለን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ማሽኑ ሳይመጣ በፊትም ልጆቻችን ማሽን እንዲሆኑ አስተምረናቸው ነበር፤ ከዚህ አንሥተህ እዚያ አስቀምጥ፣ ስምህን ጻፍበት ብለን። ስለ ጎሮ ምንም በማያውቅ መሣሪያ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ የሰጠው ማን ነው?

ስለ ፈተና የምትጮኹ ሰዎች አላችሁ፤ ጩኸታችሁ ግማሽ እውነት ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ተሰረዘ፤ እንደገና ተሰጠ። ስርቆቱ በየዓመቱ መልኩን እየቀየረ ሲመጣ የ2014 ተፈታኞች በአውቶቡስ ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተፈተኑ። ያኔ ጉዱ ወጣ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ደግሞ 3.2፤ በ2016 5.4፤ በ2017 8.4 በመቶ። ውጤቱ የተነገረ ዕለት ሁላችንም አፋችንን በእጃችን ያዝን። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ከወደቁት መካከል እኔ የፈረምኩበትን፣ 80 እና 85 የሚል ካርድ የያዙ ልጆች ነበሩ። ፈተናው ውሸታም ያለው እነሱን ብቻ መስሏችኋል?

ደግሞም ልብ በሉ። ያ ፈተና ምርጫ ማጥቆር ነው። ልጅ ጥያቄ ማንሣት ይችል እንደሆነ፣ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መጻፍ ይችል እንደሆነ፣ የሰማውን ከየት እንደሰማው መናገር ይችል እንደሆነ ከአራት ፊደል አንዱን በማጥቆር አይለካም። የዚህ ብቸኛ ምስክር የክፍል መምህሩ ነው። ለፈተናው የዩኒቨርሲቲ አጥርና ፌዴራል ፖሊስ ተገኘለት። ለአሳይመንቱ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። አንተም በሐሰት መሰከርክ።

“ምርምር የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለልጆቻችን አዲስ ነው” የሚለኝን ሰው ቅኔ ቤት ልውሰደው። እዚያ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ከጎሮው ልጅ በዕድሜ ብዙ አይበልጥም፤ ደበሎ ለብሶ፣ ውሻ እየታገለ፣ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል። ቅኔ ግን አይለምንም። ጠዋት ቆጠራ ይወጣል፤ ብቻውን ከዛፍ ሥር፣ ከገደል አፋፍ ይቀመጣል፤ ቃሉን ሲያገላብጥ፣ ቤቱን ሲመታ፣ ሲያፈርስ ይውላል። ማታ መጥቶ በመምህሩ ፊት ይነግራል። ነገራ ይሉታል። የኔታ ወረቀት አይሰበስቡም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና “ይህ ከየት መጣ? ሰሙ የት አለ? ወርቁስ?” ይላሉ። የጎደለውን ያቃናሉ፤ የማይቃናውን ይጥላሉ። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የሌላውን ሰው ቅኔ የራሱ አድርጎ ሊነግር የሚደፍር ተማሪ፣ ሁለት ጥያቄ ሳይሻገር እዚያው ጉባኤ መሐል ራቁቱን ይቀራል። እያደር ሲበስል፣ ሳይቆጥር እዚያው በቆመበት ሲያፈልቀው፣ “ዘረፈ” ይባልለታል። ቃሉን አስተውሉልኝ። በቅኔ ቤት “ዘረፈ” ማለት ከራሱ ውስጥ አወጣ ማለት ነው። በእኛ ትምህርት ቤት ግን ለ“ዘረፈ” የቀረለት ሌላኛው ትርጉሙ ብቻ ነው።

ስለዚህ አገሩ መጠየቅን አያውቅም አትበሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ የነበሩ ልጆች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው፣ ስለየመጡበት አገር ሥርዓትና ልማድ እየጻፉ መጽሔት ያወጡ ነበር። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፉ የቢ.ኤ. ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፎች በምንጭነት ጠቅሰዋል፤ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበሩ ልጆች ወርደው፣ ሽማግሌ ጠይቀው፣ መዝገብ ገልጠው ያመጡት ለታሪክ መጽሐፍ መሠረት ሆነ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ምን አደረገ? ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆሞ፣ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። እንዶዱን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ ወንዙ ዳር ስንት የተማረ ሰው አልፏል። እሱ “ለምን እዚህ ብቻ ሞቱ?” አለ። የቢልሃርዚያን ትል የሚሸከመው ያ ቀንድ አውጣ ነበርና ከዚያች ጥያቄ የዓለም መነጋገሪያ የሆነ ግኝት ወጣ። ጥያቄው ስንት ገጽ ነበር?

አውቃለሁ፣ መልስ አለህ። “አምስት ክፍል አስተምራለሁ፤ በየክፍሉ 52 ተማሪ አለ፤ ደመወዙ ለታክሲም አይበቃ፤ በምን ጊዜዬ 260 ልጅ ልጠይቅ?” እኔም እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ፤ እስቲ ተቀመጥና አብረን እናስላው። 260 ልጅ 20 ገጽ ሲያስገባ 5,200 ገጽ ነው፤ ይህን እንደማታነብ ስትሰጥም ታውቀዋለህ። ስለዚህ ከመነሻው የማይነበብ ነገር አዘሃል። ሁለት ገጽ አድርገው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ደቂቃ ስጠው። 780 ደቂቃ ነው፤ 13 ሰዓት። የሴሚስተሩን የትምህርት ቀናት 80 ብለህ ብትይዝ በቀን ሦስት ወይም አራት ልጅ ይደርስሃል፤ አሥር ደቂቃ ገደማ። ስም ስትጠራ ከምታባክነው ያንሳል። አይቢ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የሚማር የ12ኛ ክፍል ልጅ እስከ 4,000 ቃል የሚደርስ ጥናት ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይ ግን መምህሩ ፊት ለፊት አስቀምጦ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠይቀዋል። ለዚያ ትምህርት ሰዎች በዶላር ይከፍላሉ። የኔታ በቁራሽ ያደርጉት ነበር።

ማርኩንም ገልብጠው። ከ20ው ለሽፋን ገጽ ምንም። ለጥያቄው አራት ስጥ፤ ጠባብና የራሱ ከሆነ። ልጁ ሲዞር ለያዘው ማስታወሻ ደብተር ስድስት፤ የተሰረዘበት፣ የተደለዘበት፣ ቡና የፈሰሰበት ቢሆን ይሻላል። በቃሉ ለሚመልስልህ ስድስት። ለጽሑፉ የቀረውን አራት። “ሦስት ሰው ጠየቅኩ፤ ሁለቱ እምቢ አሉኝ” ብሎ የመጣው ልጅ 120 ሰዎችን ከፈጠረው ይብለጥ። አምስት ሆነው አንድ ወረቀት ካመጡም አምስቱንም ለየብቻ ጠይቅ፤ ያ አንድ ለአምስት የሚሉት የቡድን አሠራር አንዱ ሠርቶ አራቱ ስም የሚያስጽፉበት ሆኖ ኖሯል።

አንተ ልጄ፣ አንተም ከተግሣጹ አታመልጥም። መምህርህ ስላላነበበ አንተ አልዋሸህም ማለት አይደለም። በምትኖርበት ሰፈር ስም ያልተናገሩትን አናገርክ። ያውም ጥያቄ ሞልቶ የተረፈው ሰፈር ውስጥ እየኖርክ! ጎሮ ለምን ጎሮ ተባለ? ይህን ስም ያወጡት ሰዎች እነማን ነበሩ፤ እርሻቸው የት ጋ ነበር፤ ልጆቻቸውስ ዛሬ የት ናቸው? ከአይሲቲ ፓርኩ አጥር ውጭ ያለው ሰው አጥሩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ያውቃል? ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከመገናኛ ወደ ጎሮ የሚመጣ ሰው ስንት ደቂቃ ይሰለፋል፤ ማታስ? ጀሪካን ውሃ በጋሪ ሲመጣ ስንት ነው፤ ቧንቧው ሲመጣስ ወሬው በማን በኩል ይደርሳል? ይህን ማንም ስልክ አይነግርህም። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ “አባቴ፣ እንደምን አደሩ፤ ትንሽ ልጠይቅዎት ነበር” ካልካቸው እስከ ምሳ ያጫውቱሃል። የተማርክበት እንግሊዝኛ ሳይሆን የምትናገረው ቋንቋ ይበቃል።

ንስሓም በሉት ተውበት፣ በቃል ብቻ አያልቅም፤ መካስ አለበት። መምህር ሆይ፣ ከሎከርህ ሥር ያለውን ያለፈውን ሴሚስተር ክምር አውጣ። አምስት ወረቀት ምረጥ፤ አምስቱን ልጆች ጥራ፤ በቁጣ አይሁን። ወረቀቱን ፊታቸው አድርገህ፣ “ይህን ሳላነብ ማርክ ሰጥቻችኋለሁ፤ አጥፍቻለሁ” በላቸው። መጀመሪያ አንተ በል። ከዚያ እነሱ ይናገራሉ፤ አይቸግራቸውም፣ ሲጠብቁህ ነበር። ዳይሬክተሩም የማርክ መስጫ ቀን ደርሷል እያለ በየበሩ ከሚዞር የአንድ መምህር ጥያቄና መልስ ገብቶ ይስማ።

የኔን ዕዳ መክፈል አልቻልኩም። ያ ልጅ ጨርሶ ሄዷል፤ 18ቱ ከትራንስክሪፕቱ ውስጥ ገብቷል፤ 120ዎቹም ከነ73.3 በመቶአቸው በሕይወት አሉ። ዘንድሮ ግን ለአንድ ክፍል “በምትኖሩበት ግቢ ውሃ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜና በስንት ሰዓት መጣ?” የምትል ጥያቄ ብቻ ሰጠሁ። ብዙዎቹ እንደለመዱት አመጡ፤ መለስኩላቸው፤ ተናደዱ። አንዲት ልጅ ግን ሽፋኑ የተገነጠለ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዛ መጣች። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሞላው ጀሪካን ብዛት፣ ማን እንደቀሰቀሳት። “ማክሰኞ፣ ሌሊት 9 ሰዓት፣ እማዬ ቀሰቀሰችኝ፣ 4 ጀሪካን።” “ዓርብ፣ አልመጣም፣ ጎረቤት እትዬም አልመጣም አሉ።” አስቀምጬ ጠየቅኳት፤ አንድም ጊዜ ደብተሩን ሳታይ መለሰች። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ግን ባዶ ሆኖ አየሁት፤ ከጎኑ በእርሳስ አንድ መስመር ተጽፏል፦

“እንቅልፍ ወሰደኝ። አላየሁም።”